ጽዋውን ማን ይቀበላል? ማኅበር አባላቱን ጠብቆ የኖረበት መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በብዙ አጥቢያዎች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይሰማል። ቅዳሴው ተፈጽሞ ሠርሖተ ሕዝብ ከመሆኑ በፊት አንድ ወጣት ወደ ፊት ይወጣና የሰንበት ትምህርት ቤት ምዝገባ መጀመሩን ይናገራል። ልጆቹም ይመጣሉ። መዝገቡ ይሞላል። አዲስ የመዝሙር ልብስ ይሰፋል። ዐቢይ ጾም ገብቶ ትንሣኤ ሲደርስ ግን ከተመዘገቡት የሚበዙት የሉም።

እኔም በስማዳዋ ወገዳ ከተማ፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ይዤ ነበር። በመስከረም የጻፍኋቸው ስሞች ሁለት ገጽ ሞልተው ሳለ በትንሣኤ ማግሥት የቆጠርኋቸው ግማሽ ገጽ አልሞሉም። ለዚህ ምክንያት አላጣንም ነበር። “ፈተና ደርሶባቸው ነው፣ መኸር ነው፣ ስልክ ነው፣ የዚህ ዘመን ልጅ ጽናት የለውም” እንባባል ነበር። ከቀሩት አንዱን፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነውን ልጅ፣ አንድ ቀን ገበያ ላይ አገኘሁትና በወቀሳ ቃል ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሄዶ በኅዳር መመለሱን ነገረኝ። “ታዲያ ከተመለስህ በኋላስ?” አልሁት። ጥቂት ዝም አለና “መቅረቴን ማን አወቀው?” ሲል መለሰልኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እያለፈ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ተመላልሷል። መዝገቡም በእጄ ነበር። በስሙ ፊት የቀረበትን ምልክት በየሳምንቱ ያደረግሁት እኔው ነኝ። ምልክት አደረግሁ እንጂ ቤቱ አልሄድሁም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ከዚያ ጥያቄ ተነሥቼ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ማስታወቂያ ሳይለጥፉ፣ የምዝገባ ቅጽ ሳያትሙ፣ ማኅበራቸውን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ያቆዩት በምን ጥበብ ነው? እስኪ ታሪኩን አብረን ወደ ኋላ እንመልከት።

፩. ሦስት ሺህ ነፍስ ከተጨመረ በኋላ

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ የአባላት ጭማሪ በአንድ ቀን የሆነ ነው። በበዓለ ኀምሳ ቅዱስ ጴጥሮስ ባስተማረው ትምህርት ሦስት ሺህ የሚያህል ነፍስ እንደተጨመረ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ሁለት ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ይህን ቁጥር እንጠቅሳለን፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ የተጻፈውን ግን እናልፈዋለን። ቅዱስ ሉቃስ ወዲያው የሚነግረን እነዚያ ሰዎች በምን እንደጸኑ ነው። በሐዋርያት ትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራን በመቁረስና በጸሎት ይተጉ ነበር። ከአራቱ አንዱ ብቻ ትምህርት መሆኑን ልብ በሉ። እኛ በየሰንበቱ የምንሰጣቸው ትምህርትን ብቻ ከሆነ ከአራቱ ሦስቱን አስቀርተናል ማለት ነው።

ምዕራፍ ስድስት ላይ ስንደርስ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅሬታ እናገኛለን። ከግሪክ አይሁድ ወገን የሆኑ መበለቶች በዕለት ዕለቱ አገልግሎት ተዘንግተው ነበርና ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን “ጽናት የላችሁም” ብለው አልገሠጹም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉና የተዘነጋውን የሚያስታውስ አገልግሎት አቆሙ። ቤተ ክርስቲያናችን የዲቁናን መዓርግ የምታያይዘው ከዚህ ምርጫ ጋር ነው። እኔ የተሾምሁበት መዓርግ የተጀመረው የተረሳ ሰው እንዳይኖር ነው። የዚያ መዓርግ ባለቤት ሆኜ ሳለ አንድ ልጅ ስድስት ወር ረሳሁ። ታሪክ ስናነብ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ወቀሳ ያገኘናል።

፪. ጽዋው ሲዞር

ወደ አገራችን እንምጣ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እያንዳንዱ ወር በበዓላት የተሞላ ነው። በ12 ቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ይታሰባሉ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን በዓላት 33 ሆነው እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ ያዘዙ ንጉሥ መሆናቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ወርኃዊ በዓል ሲኖር ወርኃዊ መሰባሰብ ይኖራል። የጽዋ ማኅበር የቆመው በዚህ አቆጣጠር ላይ ነው። ማኅበርተኛው መቼ እንደሚገናኝ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ ቀኑን ራሱ ያውቀዋል።

አሠራሩን በገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በከተማ ላደጋችሁት ግን ልንገራችሁ። አያቴ በየወሩ በ21 የሚሰበሰብ የእመቤታችን ማኅበር ነበራቸው። በዕለቱ ተረኛዋ ቤቷን ታሰናዳለች፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተጋግሮ ይቆያል። ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ በክብር ይቀመጣል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ተአምሯ ይነበባል። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ የቀረ ሰው መኖሩን ይጠይቃል። የታመመ ካለ ማን እንደሚጠይቀው እዚያው ይወሰናል። የተጣሉ ካሉ ከጽዋው ከመቅመሳቸው በፊት ይታረቃሉ። ያለ ምክንያት የቀረ መቀጫ ይከፍላል። በመጨረሻም የሚቀጥለው ወር ተረኛ ተነሥቶ ጽዋውን ይቀበላል፤ ማኅበርተኞቹም በዝማሬ ይሸኙታል።

እስኪ ይህን ሥርዐት በአባላት ጥበቃ ዐይን እንመልከተው። መጀመሪያ፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ብዙዎች በዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ቁጥር ይመሠርቱታል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አንድ ሰው ሲቀር ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ተራ አለው። ጽዋው ዛሬ ከእኔ ቤት ካለ ነገ ከአንተ ቤት ይሆናል። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የማኅበሩ መሰብሰቢያ ያልሆነ የአባል ቤት አይኖርም። ስለዚህ ዘላለም እንግዳ ወይም ዘላለም ባለቤት የሚሆን የለም። ሦስተኛ፣ መቅረት ወዲያው ይጠየቃል። መቀጫው ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ገንዘቡ ሳይሆን “አላየንህም” መባሉ ነው። አራተኛ፣ አባሉ ሲሞት ቦታው አይዘጋም፤ ልጁ ይተካል። አዲስ አባል የሚገባው በማስታወቂያ ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ቤት ዳቦ እየቆረሰ ጽዋውን ሲጠብቅ ኖሮ ነው።

አያቴ የነገሩኝ አንድ ነገር አለ። ከማኅበርተኞቻቸው መካከል አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ስማዳ ዝናብ ሲቀር ቶሎ የሚጎዳ አገር ነው፤ በአንድ ክፉ ዓመት ተራዋ ደረሰ፤ በጎተራዋ ምንም አልነበረም። ሴትየዋ ለሙሴው ልካ “ዘንድሮ ይለፈኝ” አለች። ማኅበሩ ግን ተራዋ እንዲያልፋት አልፈቀደም። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ገብስ፣ አንዷ ዱቄት በመሸ ጊዜ እየያዙ ከቤቷ አደረሱ። በ21ም ማኅበሩ በእርሷ ቤት ዋለ፤ የመረቋትም እርሷን ነው። አያቴ ይህን ሲነግሩኝ “ተራዋን ብናሳልፋት ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት አትመጣም ነበር” ብለዋል።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ሐሳብ በዚህች አንዲት ንግግር ውስጥ አለ። ሰው በማኅበር ውስጥ የሚቆየው ሸክም ስለተነሣለት አይደለም። ሸክሙ ቢከብደው ያግዙታል፤ ተራውን ግን አይወስዱበትም። ተራው የተወሰደበት ሰው ተቀባይ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ያፍርና ይቀራል።

ከጽዋ ማኅበር ጎን ሰንበቴም አለ። ቅዳሴ ሲያልቅ ተረኞቹ ዳቦና ጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያመጣሉ፤ በሰንበቴ ቤት ካህናት፣ ነዳያን፣ መንገደኞችና የአብነት ተማሪዎች ይመገባሉ። ዛሬ በሌላው ዓለም የበጎ አድራጎት ክበብ የሚባለውን ሥራ ሰንበቴ ያለ ስም ሲሠራው ኖሯል።

፫. የጋይንት ጉባኤያት

በሰንበቴ ከሚመገቡት መካከል የአብነት ተማሪዎችን ጠቅሻለሁ። እኛ ባለንበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጋይንት ሁለት ታላላቅ የማስመስከሪያ ጉባኤያት ያሉበት አገር ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ናቸው። በኢትዮጵያ የትኛውም ክፍል ያለ የዜማ መምህር እነዚህን ስሞች ያውቃቸዋል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእግሩ ወደ እነዚህ ደብሮች ይመጣ ነበር፤ ዛሬም ይመጣል።

እነዚህን ጉባኤያት ማንም አላስተዋወቃቸውም። ተማሪው ደመወዝ አያገኝም፤ እንዲያውም ቁራሽ ለምኖ ይመገባል፤ ውሻ ያባርረዋል፤ ብርድ ይመታዋል። ታዲያ በምን ጸና? አንዱ ምክንያት የትምህርቱ ፍቅር እንደሆነ አይካድም። ሌላው ግን አደረጃጀቱ ነው። በድጓ ቤት አንድ መምህር ለብዙ ተማሪ ብቻቸውን አያስተምሩም። ቀድሞ የገባው አዲስ ለገባው ያስቀጽላል። ትናንት ቀለም የያዘ ዛሬ ለሌላው አስቀጻይ ይሆናል። ተማሪው ገና ሳይጨርስ መምህር ነው። የለመነውንም ቁራሽ ከጎጆ ጓደኞቹ ጋር በአንድነት ይበላል፤ ውኃ የሚቀዳበት፣ እንጨት የሚለቅምበት ተራም አለው። ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢሞት የሚቀብረው ያው ጓደኛው ነው። እንዲህ ባለ ጎጆ ውስጥ “መቅረቴን ማን አወቀው?” የሚል ጥያቄ አይነሣም። ማታ አኮፋዳው ካልተመለሰ ጎጆው ሁሉ ይወጣና ይፈልገዋል።

፬. መሬቱ ሲሄድ አባሉ ቀረ

ከአብነት ትምህርት ቤቱ ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የብዙ አድባራት አገልግሎት የቆመው በመሬት ላይ ነበር። ካህኑ የሚያገለግለው መሬት ይዞ ነው። ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን፣ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲ የተባለው ደንብ ወጣ። ደንቡ በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አደረገ። ምእመኑም በስሙ ተመዝግቦ በየጊዜው የአባልነት መዋጮ የሚከፍል ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የቆመችበት መሬት በአንድ ቀን ዐዋጅ ከእጇ ወጣ። በዚያ ሰዓት የቀራት መሬት ሳይሆን በመዝገብ የተጻፈው ሰው ነበር። አባል ከርስት የበለጠ ሀብት መሆኑን አባቶቻችን የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። ቀድሞ አገልጋዩን መሬት ይይዘው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አገልጋዩን የሚይዘው ምእመኑ፣ ምእመኑንም የሚይዘው ኅብረቱ ሆነ።

ቃለ ዐዋዲ ሰንበት ትምህርት ቤትን ከ4 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ላሉት ልጆችና ወጣቶች መድቧል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ በሰበካ ጉባኤ አባልነት ይቀጥላል። ሐሳቡ ከጽዋው ጋር አንድ ነው፤ ታናሹ አድጎ የታላቁን ቦታ ይቀበላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙ ጊዜ በመካከል ይሰበራል። በ30 ዓመቱ ከሰንበት ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሰበካ ጉባኤው እጁን ዘርግቶ ካልተቀበለው ሜዳ ላይ ይቀራል። ጽዋውን አሳልፎ የሰጠ አለ፤ የተቀበለ ግን የለም።

፭. በዝዋይና በብላቴ

የደርግ ዘመን ለወጣት ምእመን ከባድ ዘመን ነበር። የቀበሌ ስብሰባ በእሑድ ጠዋት፣ በቅዳሴ ሰዓት ይጠራ እንደነበር ታላላቆቻችን ዛሬም ያስታውሳሉ። ሆኖም ሰንበት ትምህርት ቤቶች አልጠፉም። በዚያው ዘመን የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ገዳም ካህናትንና ወጣቶችን ያሠለጥኑ፣ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችን በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ሥራቸው በአንድ ሰው ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይፈርስ ነበር። ነገር ግን ያስተማሯቸው ወጣቶች ሌሎችን ማስተማር ጀምረው ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ትምህርታቸውን አስቋርጦ ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ላከ። በዚያ ሠፈር ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች እየተፈላለጉ በአንድነት ይጸልዩ ጀመር። አዳራሽ አልነበራቸውም፤ በጀት አልነበራቸውም፤ ነገ ምን እንደሚሆኑም አያውቁም ነበር። ግንቦት 20 ቀን መንግሥት ተለወጠ፤ ተማሪዎቹም ተበተኑ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1984 ዓ.ም.፣ በዝዋይ የተማሩትና በብላቴ የጸለዩት ወጣቶች ከሌሎች ጋር ሆነው ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ግቢ ጉባኤያት የዚያ ፍሬ ናቸው።

እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ማንንም አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሻንጣዬን የተቀበለኝ የግቢ ጉባኤ አገልጋይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የማኅበር ቤተሰብ መደቡልኝ፤ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚቀድም አንድ ተማሪ ታላቅ ወንድም ሆነልኝ። በአንድ እሑድ በራስ ምታት ሳልሄድ ብቀር ማታ በሩን አንኳኩቶ ሻይ ይዞልኝ መጣ። ውድ አንባብያን፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን እንዳልርቅ ያደረገኝ የሰማሁት ስብከት ብቻ እንዳልሆነ በሐቀኝነት ልመሰክርላችሁ ይገባል። ያች የሻይ ብርጭቆም ድርሻ አላት። በወገዳ ለዚያ ልጅ ያላደረግሁትን ሌላ ሰው ለእኔ አደረገልኝ።

፮. ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ

ይህ የተራ ጥበብ የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ፖል ሀሪስ የተባለ የሕግ ባለሙያ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር አንድ ክበብ መሠረተ። በትልቅ ከተማ ብቸኝነት የተሰማው ሰው ነበርና ባደገበት ትንሽ ከተማ ያየውን ጉርብትና ፈለገ። ስብሰባው በአንዱ ቤት እንዳይወሰን በየአባሉ የሥራ ቦታ በተራ እንዲዞር አደረጉ። ሮታሪ የሚለው ስያሜም ከዚያ መዞር የመጣ ነው። በኋላ ክበቡ ሰፍቶ በብዙ አገሮች የበጎ አድራጎት ሥራ የሚሠራ ሆነ፤ ዙሩ ቢቀርም ስሙ ቀረለት። አያቶቻችን ጽዋውን ሲያዞሩ የኖሩበትን ጥበብ የሌላ አገር ሰዎች በብቸኝነት መንገድ አገኙት።

፯. ጽዋው የሚሰበርበት

የአባቶቻችንን ሥርዐት ስናመሰግን ጉድለቱን መደበቅ አይገባንም። ብዙ የጽዋ ማኅበራት ፈርሰዋል። ከሚያፈርሷቸው ምክንያቶች ዋነኛው የድግስ ፉክክር ነው። አንዱ ዳቦና ጠላ ካቀረበ ሌላው በግ ያርዳል፤ ሦስተኛው ከዚያ ይበልጣል። ያን ጊዜ ድኻው ተራው ሳይደርስ ይወጣል። ጸሎቱ ያጥራል፤ መጠጡ ይረዝማል። ማስተዋል ያላቸው ማኅበራት የሚቀርበውን በልክ ወስነው ይህን አስቀርተዋል፤ ያልወሰኑት ግን የሀብታሞች ግብዣ ሆነው ቀሩ።

በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንም የዚህ አምሳያ አለ። ድምፁ የሚያምረው ብቻ የሚዘምርበት፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ብቻ የሚናገርበት፣ ልብስ ማሰፊያ ያለው ብቻ በበዓል ቀን የሚሰለፍበት ቤት ሌላውን ተመልካች ያደርገዋል። አመራሩም ለዓመታት በአንድ እጅ ይቆያል። “አዲሶቹ ገና ናቸው” እንላለን። በጽዋ ማኅበር ሕግ ቢሆን ግን ጽዋውን ደርቦ ለሁለተኛ ወር ያስቀረ ሰው ይወቀስ ነበር።

ሌላው ምክንያት ስደት ነው። ከአባይና ከበሽሎ በረሃዎች በላይ ያለው የእኛ አገር ወጣቱን በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ለቀን ሥራና ለትምህርት ይሰድዳል። ይህን እኛ ልናስቀረው አንችልም። ነገር ግን የሄደውን ከመዝገብ መሰረዝና ቦታውን ጠብቆ ማቆየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

፰. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከታሪኩ የምንማረውን በአጭሩ ላስቀምጥ። በመጀመሪያ፣ የተመዘገበ ልጅ በገባበት ወር ውስጥ ተራ ይኑረው። ምንጣፍ ማንጠፍ ይሁን፣ ሻማ ማብራት ይሁን፣ የዕለቱን ምንባብ ማንበብ ይሁን፣ የእርሱ የሆነ አንድ ሥራ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ብዛቱን በትንንሽ ክፍል እንከፋፍለው፤ በዐሥራ ሁለት ሰው መካከል የጠፋ ይታወቃል፤ በመቶ መካከል ግን አይታወቅም። ሦስተኛ፣ የቀረውን በዚያው ሳምንት እንጠይቀው፤ በወቀሳ ሳይሆን በመናፈቅ። አራተኛ፣ የሚሄደውን መርቀን እንሸኘው፤ ሲመለስም ተራው እንዳለ ያግኘው። አምስተኛ፣ ኃላፊነታችንን የምናስረክበውን ሰው ዛሬውኑ ከጎናችን እናቁመው።

እነዚህ አዲስ ነገሮች አይደሉም። አያቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቋቸው ነበር።

ባለፈው ክረምት ወደ ወገዳ በተመለስሁ ጊዜ ከወንድሞችና እኅቶች ጋር ሆነን መዝገቡን እንደገና አሰመርነው። ቀድሞ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ ስምና የመገኘት ምልክት። አሁን ከስሙ ቀጥሎ “ተራው” የሚል፣ ከዚያም “የሚጠይቀው” የሚል ዓምድ አለው። የዚያ ልጅ ስም በሚጽፍበት ገጽ ላይ “የሚጠይቀው” በሚለው ሥር የእኔን ስም ጻፍሁ። ከዚያም ወደ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ ቡና አፈሉልን። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም አፍሮ መሬት መሬት አየ።

በሚቀጥሉት ሁለት ሰንበታት መጣ። ተራው በር ላይ ቆሞ ሕፃናቱን ማስገባት ነበር፤ በደንብ አደረገው። በሦስተኛው ሰንበት አልመጣም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድሁ፤ እንደ ልማዱ ለአጨዳ ወደ መተማ መውረዱን እናቱ ነገሩኝ። “ተራዬን ለማንም እንዳትሰጡብኝ በላቸው ብሎኛል” አሉኝ። አንድ ሌላ ልጅ በእርሱ ፈንታ በሩ ላይ ይቆማል፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ግን አሁንም የእርሱ ስም ነው። በኅዳር እንጠብቀዋለን።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም በየአጥቢያችሁ መዝገብ አላችሁ። ዛሬ ማታ አንዴ ግለጡትና ምልክት ብቻ የተደረገበትን አንድ ስም ፈልጉ። ነገ ወደዚያ ቤት ሂዱ። ጽዋው የሚሻገረው ተረኛው በማስታወቂያ ስለተጠራ አይደለም፤ የያዘው ሰው ተነሥቶ ስላሳለፈለት ነው።

የአባቶቻችን አምላክ የተበተኑትን ይሰብስብልን፤ የተሰበሰቡትን ያጽናልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።